ከቅርጫ የተለመነ ልብ

የተከፈተ ልብ ተመልሶ እንዴት ነው የሚዘጋው?

እማማ ውዴ ይህን የጠየቁት በገና ማለዳ፣ ባዶ ሳፋ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው፣ ሽቅብ እያቃሰተ በሚወጣ ባጃጅ ውስጥ ሆነው ነው። ባጃጁን የሚነዳው ጎረምሳ ማስኩን አገጩ ላይ እንደ ጺም አንጠልጥሎታል። ዘወር ብሎ አያቸው።

«ምን አሉ እማማ?»

«ወደፊትህ እያየህ ንዳ! አንተን አይደለም።»

ማንንም አልነበረም። ጥያቄው ከጥቅምት ጀምሮ ቤታቸው እንደገባ እንግዳ አብሯቸው ይበላል፣ አብሯቸው ይተኛል። አዲስ አበባ ያለው ሐኪም ወረቀት ላይ እየሣለ አስረድቷቸዋል። ደረቷ ይከፈታል፣ ልቧ ይከፈታል፣ የማይገጥመው በር ይወጣና ከብረት የተሠራ በር ይገባበታል፣ ከዚያ ተሰፍቶ ይዘጋል። ሲያወራው ስለ ጫማ እድሳት የሚያወራ ነበር የሚመስለው። እማማ ውዴ እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምረዋል፣ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ከዳር እስከ ዳር አንብበው ጨርሰው እንደገና ይጀምሩታል። ነገር ግን መክፈትና መስፋት ሲባል ዓይናቸው ላይ የምትመጣው ልጃቸው አብርሆት ናት። አብርሆት ለወሊድ ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል ስትገባ በአልጋው ላይ ሆና እጇን አውለብልባላቸው ነበር። ሕፃኗ ወጣች፤ አብርሆት አልወጣችም።

ያቺ ሕፃን ሐዊ ናት። አሁን አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ልጅ ሳለች ጉሮሮዋን እየደጋገመ ያማት የነበረው ነገር ሳይታወቅ ወደ ልቧ ወርዶ፣ ይኸው ዛሬ ከመኝታዋ ተነሥታ ውጭ በር እስክትደርስ መሐል ላይ ግድግዳ ትደገፋለች። ትናንት ከሆስፒታሉ ሲስተሯ ደወለች፤ ተራዋ ደርሷል፣ ገና ባለፈ በሁለተኛው ቀን ጠዋት እዚህ ካልተገኘች ለሚቀጥለው በሽተኛ እንሰጣለን አለች። ሐዊ ለአካለ መጠን ደርሳለች፣ ራሷ መፈረም ትችላለች። እሷ ግን አንድ ነገር ይዛ ቁጭ አለች።

«አኮ፣ አንቺ እሺ ካላልሽ አልሄድም» አለች። ሐዊ አያቷን የምትጠራው በአባቷ ቋንቋ ነው፤ አኮ ብላ። «በሩ ላይ ቆመሽ ስታለቅሺ እያየሁ አልገባም።»

«እንዴት እሺ እላለሁ ልጄ? የተከፈተ ልብ እንዴት እንደሚዘጋ የነገረኝ ሰው አለ?»

«እንግዲያው ነገ ከቅርጫው ሙሉ ልብ አምጪልኝ። አሳይሻለሁ።»

እማማ ውዴ ያን ጊዜ የልጅ ልጃቸውን መደርደሪያ ቀና ብለው አዩት። ኮሮና ትምህርት ቤቱን የዘጋው ሰሞን ነበር ነገሩ የጀመረው። ሌሎቹ ልጆች ስልክ ላይ ሲያፈጡ ሐዊ አጥንት ላይ አፈጠጠች። በሚኤሶ ከሚመላለሱ ሹፌሮች የግመል አንገት አጥንት ለመነች፤ ሻማ ማስቀመጫ አደረገችው። የፍየል ዳሌ አጥንት ገልብጣ በዶቃ ዓይንና በዶቃ ጥርስ የሚስቅ ፊት ሠራችበት። ከዶሮ አጥንት ሙሽራ ሠርታ ከአሮጌ መጋረጃ ቬል አለበሰቻት፤ ሚዜዎቿ ሁለት የድንቢጥ አፅሞች ናቸው። ሁለት ቅሎች ጎን ለጎን ሰቅላ በጎማ ቱቦ አገናኝታ «ሳንባ» ትለዋለች፤ ሲነፉበት ያፏጫል። እማማ ውዴ ከጸሎት ቤት ሰው ሲመጣ ያን መደርደሪያ በአንሶላ ይሸፍኑታል። አንሶላው ሥር የዶሮዋ ሙሽራ ቬል ጫፍ ብቅ ባለ ቁጥር ላብ ያጠምቃቸዋል። ልጅቷ በዚህ ዕድሜዋ፣ በዚህ ሕመሟ፣ ሞትን እንዲህ በስሙ እየጠራች መጫወቷ ምን የሚሉት ነገር ነው?

ቢሆንም ሳፋ ይዘው ወጡ። መውጣት እንኳ ለእሳቸው ቀላል ሥራ አይደለም። «እሳቱን እንዳትነኪ። በሩን ከውስጥ ቀርቅሪው። ባልዲ እንዳታነሺ። ክኒንሽን ከምግብ በኋላ፣ በባዶ ሆድሽ አይደለም። ስልኩን ከጎንሽ አታርቂ። ሰው ቢያንኳኳ መጀመሪያ ማነው በይ።» ጎረቤቱ ሁሉ እማማ ውዴ ከቤት መውጣታቸውን የሚያውቀው በዚህ ነው። የዚያን ቀን ደግሞ ባሰባቸው፤ ባጃጁን ከመንገድ አስቁመው ሁለቴ ተመለሱ፤ አንዴ በሩ መቀርቀሩን ሊያዩ፣ አንዴ ደግሞ ከልክ በላይ አለመቀርቀሩን ሊያዩ፤ ሰው ወድቆ ቢገኝ ማን ሰብሮ ይገባል ብለው።

ስለዚህ ዘገዩ።

የጡረተኛው የሃምሳ አለቃ አያና ግቢ ሲደርሱ በሬው በሬነቱ ካበቃ ቆይቷል። በሩ ላይ ቧንቧ የተገጠመለት ጀሪካን ተንጠልጥሏል፤ ሳይታጠቡ መግባት የለም። ኮሮና ከገባ ወዲህ የመጀመሪያው ገና ነውና ሰው በክርኑ እየተነካካ ነው እንኳን አደረሰህ የሚባባለው። ባሕር ዛፍ ቅጠል ላይ መደቦቹ እኩል እኩል ተደርድረዋል። ሃምሳ አለቃ በመደቦቹ መሐል ቢላዋ ይዘው ሰልፍ እንደሚጎበኝ አዛዥ ይመላለሳሉ። ዕጣው ወጥቷል። ያንዱ መደብ ላይ ቁልፍ፣ ያንዱ ላይ ቆርኪ፣ ያንዱ ላይ የሸሚዝ አዝራር ተቀምጧል፤ ባለ ድርሻዎቹም የየራሳቸውን እየለዩ በየዕቃቸው መሰብሰብ ጀምረዋል።

«እንኳን አደረሰዎ ሃምሳ አለቃ» አሉ እማማ ውዴ እያለከለኩ። «ልቡስ?»

«የማን ልብ?»

«የበሬው!»

«ተከፋፍሏል። ድርሻዎ መደብዎ ላይ አለ፣ ያውልዎ፣ ቆርኪው።»

እማማ ውዴ ቆርኪው ያለበትን መደብ አዩ። ከጉበቱና ከኩላሊቱ ጎን አንድ ቁራጭ ጥቁር ቀይ ሥጋ ተጋድሟል። ሳፋው ከእጃቸው ሊወድቅ ነበር።

«እኔ የፈለግሁት ሙሉውን ነው።»

«ሙሉውን?» ሃምሳ አለቃ ቢላዋቸውን ዝቅ አደረጉ። «በቅርጫ ልብ ለአንድ ሰው አይወጣም እትዬ ውዴ። ጉበት፣ ጨጓራ፣ ልብ፣ ሁሉም ለሁሉም። አሰበ ተፈሪ ውስጥ ቅርጫ ስመራ ስንት ዓመቴ ነው፤ መደቤ አነሰ ብሎ ያኮረፈኝ ሰው የለም። ዛሬም እንዲኖር አልፈልግም።»

«የእኔን ጉበት ለሁሉም ያካፍሏቸው። ኩላሊቱንም።»

«ደንቡ ከእኔ እጅ ወጥቷል፤ ዕጣ ወድቋል። ከፈለጉ ባለ መደቦቹን አንድ በአንድ ያስፈቅዱ።»

ይህን ሲሉ የሰማው ሁሉ እጁን አቆመ። ከሁሉ ቀድማ የዞረችው ትዕምርት ነበረች፤ መናኸሪያው አጠገብ ምግብ ቤት ያላት፣ የሰው ጉዳይ ከወጥ ቀድሞ የሚበስልላት ሴት።

«ሙሉ ልብ ለምን ፈለጉት እትዬ ውዴ? ለዚያች ለልጅቷ ነው እንዴ?» አለች። «ባለፈው ከምግብ ቤቴ ጓሮ የዶሮ አጥንት አስለቅማ ሙሽራ አርጋ ዳረችው አሉ። ዛሬ ደግሞ ልብ! ምን ልታስደግምበት ነው?»

ከወዲያ ሰው ሳቀ። እማማ ውዴ እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ የሚመልሷት አንዲት መልስ ነበረቻቸው፤ «ለትምህርት ቤት ነው» የምትል። ሐዊ ትምህርት ከጨረሰች በኋላም ይህችኑ መልስ ሲጠቀሙባት ኖረዋል። አሁንም ምላሳቸው ላይ መጣች። ዋጧትና ማስካቸውን ወደ ታች ሳቡት።

«አዎ፣ ለሐዊ ነው» አሉ። «አጥንት ትሰበስባለች። የዶሮዋንም ሙሽራ የሠራቻት እሷ ናት። መጥተሽ ብታያት ቬሏ ካንቺ ሠርግ ቬል ያምራል፤ ያንቺን አይቼዋለሁ።»

ግቢው በሳቅ ተናጋ። እማማ ውዴ ግን አልሳቁም።

«የልጄ ልብ ታሟል። ሰምታችኋል፣ አላወራሁም እንጂ ሰምታችኋል። ሐኪሞቹ ካልተከፈተ አትኖርም ይላሉ። እኔ የተከፈተ ልብ እንዴት እንደሚዘጋ አላውቅም። ወንጌላዊውን ጠየቅሁ፣ ጌታ ያውቃል አለኝ፤ እውነቱን ነው፣ እሱስ ያውቃል። እኔ ነኝ የማላውቀው። ልጅቷ ደግሞ አሳይሻለሁ ትላለች። ዛሬ ካላየሁ ነገ እሺ አልልም፤ እሺ ካላልኩ አትሄድም። ስለዚህ ቁራጫችሁን ስጡኝ።»

ሳፋውን ዘረጉ።

መጀመሪያ የተንቀሳቀሰችው ያቺው ትዕምርት ናት። የመደቧን ቁራጭ አነሣችና ሳፋው ውስጥ ጠብ አደረገችው። «ይውሰዱ» አለች ዝግ ባለ ድምፅ። ቀጥላ፣ «የሠርጌን ቬል ግን ዳግመኛ እንዳያነሡብኝ» አለች። ከእሷ በኋላ ሌሎቹም አመጡ። ሃምሳ አለቃም የራሳቸውን አምጥተው፣ እንደ ወታደር ቀጥ ብለው፣ አስቀመጡ።

«ከላይ ያለውስ? ቱቦ ቱቦው? ሐዊ ዋናው እሱ ነው ብላኛለች።»

«ያንን ማን ይበላል ብለው ነው? ከሚጣለው ጋር ባልዲ ውስጥ...» ሃምሳ አለቃ ወደ አጥሩ ዞሩ። ባልዲው አጠገብ አንድ ቀይ ውሻ አንገቱን አስግጎ ቆሟል። እማማ ውዴ በስልሳ ስምንት ዓመታቸው እንዲያ መሮጥ እንደሚችሉ ማንም አያውቅም ነበር፣ ውሻውም ጭምር። ነጠላ ጫማቸው ቀድሟቸው ሄደና ጎኑ ላይ አረፈ። ቱቦ ቱቦው ተረፈ።

ሳፋውን ሲቆጥሩት ግን አንድ ጎደለ። ቁልፍ የተቀመጠበት መደብ ላይ ጉበት አለ፣ ኩላሊት አለ፣ ልብ የለም። ቁልፉ የኢሱዙ ቁልፍ ነው። ባለቤቱ መኮንን ግድግዳ ተደግፎ፣ ጢሙ ጫፍ ላይ አዋዜ እንዳለ፣ ቀስ ብሎ ያኝካል።

«መኮንን!» አሉ እማማ ውዴ።

መኮንን ማኘኩን አቆመ።

«ትፋው!»

«አቦ እትዬ ውዴ...» ዋጠ። «ወረደ። ምን ላርግ? ያን ሁሉ ቀን ሽሮና ጎመን ስበላ የከረምኩ ሰው ነኝ፤ ጾም ስፈታ ፊቴ ቀይ ሥጋ ሲቀመጥ እጄ እኔን አያማክረኝም። ብትነግሩኝ ኖሮ...»

«አሁን ልጅቷ ምን ትበል? ልቤን መኮንን በላው ትበል?»

ሰው እንደገና ሳቀ፤ መኮንን ግን ፊቱ ቀላ። ተከትሏቸው እስከ በሩ መጣ። «እትዬ ውዴ፣ ይስሙኝ። ነገ ሊነጋጋ ሲል ቡና ጭኜ አዲስ አበባ እሄዳለሁ። ጋቢናው ለሁለት ሰው ይበቃል፤ ለእርስዎና ለእሷ። በልክ ነው የምነዳው፣ አላንገጫግጫትም። አንድ ሌላ ተሳፋሪ ጠይቆኛል፣ ፀሐይ እስክትገባ መልስ አልሰጠውም። እሺ ካሉ ቤት ይምጡና ይንገሩኝ።»

እማማ ውዴ እሺም እንቢም ሳይሉ ሳፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ወጡ።

በበዓሉ ቀን የተከፈተ ሱቅ የካሚል ብቻ ነበር። ካሚል አባቱ ከስልጤ መጥቶ የተከለውን ሱቅ የወረሰ፣ ከምስማር እስከ ብስኩት የማይጠፋበት ሰው ነው። ሐዊ የጆንያ መርፌና የናይለን ክር ብላ አዛለች። እማማ ውዴ ሊጠይቁ አፋቸውን ሲከፍቱ ዓይናቸው መስታወቱ ሥር ቀረ።

በባትሪውና በማስቲካው መሐል አንድ ባጃጅ ቆሟል። ከሰርዲን ቆርቆሮ የተሠራ፣ ጎማዎቹ ቆርኪ። መሪውን የያዘው የአይጥ አፅም ነው፤ ማስክ አጥልቋል። ከኋላው ሌላ አይጥ፣ እሷም ባለ ማስክ፣ ዘንቢል ታቅፋ ተቀምጣለች። ጀርባው ላይ «ርቀትዎን ይጠብቁ» ተጽፎበታል። መስታወቱ ላይ ሦስት ልጆች አፍንጫቸውን ለጥፈዋል። ከገለምሶ የመጣ መንገደኛ የሚመስል ሽማግሌ ሆዱን ይዞ ይንፈቀፈቃል።

«ይሄን የሐዊን ሥራ እኮ እኔ ጣልኩት» አሉ እማማ ውዴ።

«አውቃለሁ እማማ። ከጥራጊው ላይ ያነሣሁት እኔ ነኝ» አለ ካሚል። «ሊገዛኝ ያልለመነ የለም። አይሸጥም።»

«አይቀፍህም?»

«መጀመሪያ ቀፎኝ ነበር፣ ወላሂ። ከዚያ የሹፌሩን ክርን አየሁ። ይመልከቱ፣ እዚህ፤ ልክ እንደኛ ልጆች በጎን አውጥቶታል። አልቻልኩም፣ ሳቅሁ። እናቴን ከቀበርን ወዲህ ከሞት ጋር ፊት ለፊት ተያይቼ ስስቅ ያ የመጀመሪያዬ ነው።»

እማማ ውዴ ጎንበስ አሉ። የጣሉት ቀን ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር በላስቲክ የጠቀለሉት፤ አላዩትም። አሁን አዩት። እያንዳንዷ የጎድን አጥንት ከክብሪት እንጨት ትቀጥናለች፤ አንዷም አልተዛነፈችም፣ አንዷም አልጎደለችም። ይህን የሰካችው ከአልጋዋ እስከ በሩ መራመድ የሚያደክማት ልጅ ናት። ክርኑንም አዩ። የከንፈራቸው ጫፍ ሳያዙት ተንቀሳቀሰ፤ ልጆቹ እንዳያዩባቸው ማስካቸውን ወደ ላይ ሳቡ።

«የጆንያ መርፌ አለህ?»

«አለ። ምን ሊሰፉ ነው በበዓል?»

«ልብ።»

«ያ ረቢ!» አለ ካሚል፤ ወዲያው ግን ከመሳቢያው አንድ ሳይሆን ሁለት መርፌ ከናይለን ክር ጋር አወጣ። «ይሄኛው ጎባጣ ነው፤ ለሥጋ ይሻላል። የበዓል ስጦታ ነው ይበሏት። አላህ ያሽራት።»

ሐዊ በሩን ስትከፍት ከንፈሯ እንደ ወትሮው ጠቆር ብሏል፤ ዓይኗ ግን ያበራል። ሳፋውን ገለጠች።

«ቁርጥራጭ!»

«ዘገየሁ ልጄ። ሃምሳ አለቃ ቀደሙኝ። በሩ ተቀርቅሮ እንደሆነ ላይ ብዬ...»

«እንዲያውም ጥሩ ነው አኮ። ሙሉ ብታመጪልኝ እኔ መቅደድ ነበረብኝ፤ ቀደዱልኝ።» ትሪ ላይ ቁርጥራጮቹን እንደ ተሰበረ ሳህን ገጣጠመቻቸው፤ ይሄ ከዚህ፣ ያ ከዚያ። ጅማቱ የተቆረጠበትን መስመር እየተከተለች ታገናኛለች። አንድ ቦታ ላይ እጇ ቆመ። «እዚህ ጋ ያለውስ?»

«መኮንን በልቶታል።»

ሐዊ አያቷን አየቻቸው። ከዚያ ሳቋ አመለጣት። «መኮንን ሁለት ልብ አለው ማለት ነው!» አለችና ሳቋ ወደ ማለክለክ ተቀየረ። እማማ ውዴ ደንግጠው ከጀርባዋ ደገፏት፤ «ተይ፣ ተይ እንጂ፣ አትሳቂ፣ ቀስ!» እያሉ። ትንፋሿ እስኪመለስ ደረቷን በመዳፋቸው ያዙት። ውስጡ ያለው ነገር በር ተቆልፎበት እንደሚያንኳኳ ሰው ይደበድባል።

«እጥፍ የሚል ነገር ያስፈልገናል» አለች ሐዊ ሲሻላት። «ቆዳ ቢሆን ጥሩ ነበር። ሐኪሞቹም የጎደለ ሲገጥማቸው ይለጥፉበታል።»

ዓይኗ ቤቱን ዞረ፤ ከቆዳ የተሠራ ነገር በቤቱ አንድ ብቻ ነበር። ዚፕ ያለው የአያቷ መጽሐፍ ቅዱስ ሽፋን። ሐዊ አልጠየቀችም፤ ዓይኗን ከዚያ ቶሎ አነሣች። እማማ ውዴ ግን አይተዋል። ተነሥተው መጽሐፉን አወጡ፣ ሳሙት፣ ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። መቀሱን አነሡ።

«አኮ!»

«መጽሐፉ ብርድ አይመታውም» አሉ፤ ከሽፋኑ ጀርባ የመዳፍ ግማሽ የምታህል ቆዳ ቆረጡ።

ሐዊ ክሩን በሻማ እያሸች ስፌቱን ጀመረች። «ያዢልኝ» ስትል እማማ ውዴ የቁራጮቹን ጠርዝ በጣቶቻቸው ያጋጥማሉ። መጀመሪያ ፊታቸውን ወደ ጎን አዞሩ። ቆየት ብለው በአንድ ዓይናቸው አዩ። ከዚያ መነጽራቸውን ጠየቁ። በዕድሜያቸው ስንት የበሬ ልብ አጥበው ከትፈዋል፤ ግን ቢላዋ ውስጡን ከማበላሸቱ በፊት አንድም ቀን ተመልክተውት አያውቁም። ሐዊ ከባልዲ የተረፈውን ቱቦ ቱቦ ገለበጠችና አፉን በጣቷ ከፈተችው። ከውስጡ ሦስት ስስ ነጭ ኪሶች ተደርድረዋል፣ የሕፃን ሹራብ ኪስ የሚያካክሉ።

«በሩ ይሄ ነው» አለች። «ደም ሲወጣ ይከፈታል። ሊመለስ ሲል ኪሶቹ ይሞላሉ፣ ይገጥማሉ። የእኔዎቹ ተጨማደው ደርቀዋል፤ አይገጥሙም። የወጣው ደም ተመልሶ ይገባል፤ ልቤ ያንኑ ደም ደግሞ ደጋግሞ ሲያስወጣ ይውላል። ለዚህ ነው የሚደክመኝ።»

ሐኪሙም ይህንኑ ብሏቸው ነበር። ያኔ የሰሙት ቃል ነው፤ አሁን ጣታቸው ሥር አለ።

መርፌው ገባ፣ ወጣ። ሐዊ ስትደክም ትደገፋለች፤ ተነሥታ ደግሞ ትቀጥላለች። ከስፌቱ መሐል አንድ የልጅነት የጸሎት ቤት መዝሙር ታንጎራጉራለች፤ በደም የተለወሰ እጇን አንሥታ የዶሮዋን ሙሽራ «አይዞሽ፣ ደረስን» ትላታለች። እማማ ውዴ ይህን ደስታ ሲጠሉት ኖረዋል። ዛሬ ፊቷን እያዩ፣ ልጅቷ ስትታመም ሳይሆን ስትሠራ እንዴት ያለ መልክ እንዳላት አስተዋሉ፤ በሽተኛ አትመስልም፤ ባለ ሙያ ትመስላለች።

ፀሐይዋ ከመስኮቱ ወደ ግድግዳው ስትዞር ልቡ ሙሉ ሆነ። አስቀያሚ ነበር፤ በስፌት የተዥጎረጎረ፣ ጎኑ ላይ ጥቁር የመጽሐፍ ቅዱስ ቆዳ የተለጠፈበት። ሐዊ ከላይ ካለው ወፍራም ቱቦ በቀር ሌሎቹን ቀዳዳዎች በክር አሠረቻቸው፤ በአንደኛው ቀዳዳ ቀይ ሥር የተዘፈዘፈበትን ውኃ በቀጭን ጎማ ሞላችና እሱንም አጥብቃ ቋጠረችው። በሁለት እጇ ጨመቀችው። ውኃው ከቆዳው ጠርዝ ጭርር ብሎ ትሪው ላይ ፈሰሰ።

እማማ ውዴ እጃቸውን ከትሪው ላይ ሰበሰቡ። «አየሽ! አየሽ ልጄ፣ አልዘጋም!»

«መኮንን ነው የሚያፈሰው» አለች ሐዊ ሳትደናገጥ። «አልጨረስኩም እኮ። ሲያፈስ ይደገማል።» ጎባጣውን መርፌ አነሣች። በቆዳው ዙሪያ ሁለተኛ ረድፍ ሰፋች፤ ሻማ አንጠባጠበችበት። ውኃ ጨመረች። ጨመቀች።

ከላይ በቀረው በወፍራሙ ቱቦ ውስጥ ቀዩ ውኃ ሽቅብ ተነሣ። ሐዊ እጇን ለቀቀች። ውኃው ቱቦው አፍ ላይ ቆመ። አልወረደም። ከታች ኪሶቹ እንደ ተያያዙ እጆች ተጋጥመዋል። ከስፌቱ አንዲት ጠብታ አልወጣችም።

እማማ ውዴ መነጽራቸውን አስተካክለው በቱቦው አፍ ወደ ውስጥ ተመለከቱ።

«እኔ ልጭመቀው?» አሉ እማማ ውዴ።

ጨመቁት። ውኃው ወጣ፤ ለቀቁት፤ ቆመ። ደገሙት። ቆመ። ልጅ ሆነው አሻንጉሊት ኖሯቸው አያውቅም፤ ልቡን ግን እንደ አሻንጉሊት ነበር የያዙት። ከዚያ የሚፈሩት ነገር ተመልሶ መጣባቸው።

«ይሄ ግን የሞተ ነው ሐዊዬ። በሬው አያውቅም። እናትሽም...»

«አዎ፣ የሞተ ነው። የምወደውም ለዚህ ነው። ስነካው አያመውም፤ ሳያመው ያሳየኛል።» ሐዊ እጇን በጨርቅ ጠረገች። «እናቴን አላውቃትም አኮ። ፎቶው የሚያሳየኝ ፊቷን ብቻ ነው። አጥንት ስሰካ ግን፣ እሷም እንዲህ ነበረች እላለሁ። እዚህ ጋ ትታጠፍ ነበር። በዚህ ትስቅ ነበር።» የራሷን መንጋጋ ነካች። «ሞትን እየጠራሁ አይደለም። እሷን እየሠራሁ ነው።»

እማማ ውዴ ወደ መደርደሪያው ዞሩ። የሚስቀውን የፍየል አጥንት ፊት፣ ቅሎቹን፣ ሙሽራዋን አንድ በአንድ አዩ። አብርሆት ቬል ሳታጠልቅ ነበር ያገባችው።

«ትፈሪያለሽ?» ብለው ጠየቁ።

«በጣም። የማላየውን ግን ከዚህ የባሰ ነው የምፈራው።»

ውጭ ፀሐይዋ ተራራው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። እማማ ውዴ ተነሡ። እጃቸውን በሳሙና ታጠቡ፣ በጥፍራቸው ሥር ያለውን ሳይቀር። ነጠላቸውን አጣፉ። በክፍሉ ጥግ ተጥሎ የነበረውን የመደርደሪያውን አንሶላ አነሡ፤ አጥፈው ሣጥን ውስጥ ከተቱት። ውሻውን የመቱበትን ጫማ ተጫሙ።

ሐዊ የሚመጣውን ታውቃለችና ቀደመቻቸው። «እሳቱን አልነካም» አለች። «ባልዲ አላነሣም። ክኒኔን ከምግብ በኋላ። በሩን ከውስጥ...»

ቆመች፤ አያቷ እንዲጨርሱላት ጠበቀች። እማማ ውዴ በደም በተነካ ጣቷ የተያዘውን መርፌ አዩ፣ ፊቷን አዩ፣ ደረቷን አዩ። በሩን ወለል አድርገው ከፈቱት። ክፍቱን ተዉትና ቁልቁል ወደ መኮንን ቤት በሚወስደው መንገድ፣ አንዲትም ትእዛዝ ሳያክሉ፣ ሄዱ።